ለወላጆች ምክር፦ ሕፃን ይዞ ወደ መዝናኛ ሥፍራ ስለ መውጣት



በአዲስ አበባ ከተማ ቤተ ሰብ ተሰብስቦ የሚዝናናባቸው ሥፍራዎች እየበዙ ሄደዋል። በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም.፥ በእንጦጦ ተራራ ላይም እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍተዋል። በአንዱ አራዊት፥ በሌላው ደንና ፈረስ ይገኛሉ፤ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሽከረከሩ መጫወቻዎች የቆሙባቸው ሌሎች ሥፍራዎችም አሉ። በእሑድ ቀን ከቅዳሴ መልስ ልጆችን ይዞ መውጣት የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ ሕፃን ሊደሰት ይገባዋልና። ነገር ግን የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ሕፃን ይዞ በሳቅ የወጣ ቤተ ሰብ በልቅሶና በቁጣ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ይታያል። ምክንያቱን እንመርምር።

የመጀመሪያው ምክንያት የሕፃኑን ደስታ በራሳችን ልክ መስፈራችን ነው። አባት ገንዘብ ከፍሎ ገብቷልና ሁሉን ሳያሳይ መመለስ ኪሳራ ይመስለዋል። ሕፃኑ ግን ጥቁር ጎፈር ያለውን አንበሳ ትቶ በእግሩ ሥር የሚርመሰመሱትን ጉንዳኖች ቁጭ ብሎ ይመለከታል። ለእርሱ ዓለም ሁሉ አዲስ ስለ ሆነ አንበሳውም ጉንዳኑም እኩል ድንቅ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለት ወይም ሦስት ነገር አይቶ ቢመለስ ይበቃዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለሕፃን እርምጃም ይሠራል።

ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የአንድና የሁለት ዓመት ሕፃን የቀኑ እንቅልፍ ከሌሊቱ ጋር ተደምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት እንደሚገባው አመልክቷል። እንግዲህ በጧት ገብቶ ከቀትር በፊት መውጣት ከሁሉ ይሻላል። በቀትር የሚነጫነጭ ሕፃን ባለጌ ሆኖ ሳይሆን ደክሞት ነው፤ የድካም መድኃኒቱም እንቅልፍ እንጂ ኩርኩም አይደለም።

ስለ ስንቅና ስለ ልብስም ጥቂት እንበል። ንጹሕ ውሃ፥ ዳቦና ሙዝ ይበቃሉ። በመንገድ ሁሉ የምንቆረጥመው ቆሎና ኦቾሎኒ ግን አራት ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ሲሮጥና ሲስቅ ወደ አየር ቧንቧው ገብቶ ሊያንቀው ይችላልና። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው ነፋሱ ይበርዳል፥ ፀሐዩም ያቃጥላል፤ ባርኔጣም ጋቢም ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ነገር ከበድ ያለ ነው። በብዙ መጫወቻዎች በር ላይ የቁመት ልክ ተመልክቷል። ይህ ልክ ሰውን ለመከልከል ያህል የተደረገ አይደለም፤ ተሳፋሪውን የሚይዘው ብረትና ቀበቶ ለተወሰነ የሰውነት መጠን ስለ ተሠራ፥ ትንሽ ሰውነት ከሥሩ ሊሾልክ ይችላል። ሆኖም አንዳንድ አባት ጠባቂውን «ምን አለበት፥ ዛሬን ብቻ» እያለ ይለምናል። ሌላውም ልጁን ለማሳፈር ዕድሜውን ጨምሮ፥ የመግቢያ ዋጋ ለማስቀረት ደግሞ ቀንሶ ይናገራል። ሕፃኑ እጁን ይዞ ቆሞ ይሰማል። ሐሰትን ከጎረቤት ልጅ የተማረ ይመስለን ይሆናል፤ የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘው ግን ከትኬት መስኮቱ ፊት ነው። ጥቂት ብር ለማትረፍ ብለን የልጃችንን እውነተኛነት መሸጥ አይገባንም። እንዲሁም ፈርቶ የሚያለቅሰውን «ወንድ አይደለህም ወይ?» ብሎ በግድ ማሳፈር ፍርሃቱን ያጸናል እንጂ አያጀግነውም።

አራተኛውና ዋናው የመጥፋት ነገር ነው። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 2 እንደ ተጻፈው፥ ጌታችን በ12 ዓመቱ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም በወጣ ጊዜ እመቤታችንና አረጋዊ ዮሴፍ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ በቤተ መቅደስ ያገኙትም ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ጌታችን በፈቃዱ ቀረ፤ የእኛ ሕፃን ግን በመዘንጋታችን ይጠፋል። አያት፥ አክስትና አጎት በበዙበት ጉዞ እናት ከአባት ጋር፥ አባትም ከአክስት ጋር ያለ ይመስላቸዋል። ስለዚህ በየሰዓቱ ጠባቂው አንድ ሰው ይሁን፤ ሲለዋወጡም «አሁን ካንቺ ጋር ነው» ተባብለው በቃል ይረካከቡ። በአንገቱ ማዕተብ ያሰርንለት ልጅ የወላጁ የስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በኪሱ ቢይዝ የእምነት ጉድለት አይደለም። ስሙን ግን በልብሱ ላይ በግልጥ መጻፍ አይበጅም፤ ክፉ ሰው በስሙ ጠርቶ እንዳያታልለው።

ሰው ሲያድግ በሁለት ዓመቱ የሆነውን እምብዛም አያስታውስም። ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነው? የሚል ይኖራል። የአንበሳው መልክ ከልቡ ይጠፋል፤ ሲፈራ የታቀፈው፥ ሲደክም የተሸከመው፥ በፊቱም እውነት የተናገረ አባትና እናት እንዳሉት ማመኑ ግን አብሮት ያድጋል። ይህ እምነት በገንዘብ የማይገዛ ስለ ሆነ፥ ወደ መዝናኛ ሥፍራ ለመሄድ አቅም የሌለው ቤተ ሰብም በደጁ ሣር ላይ ሊሰጠው ይችላል።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን።