መርፌዋ ዜሮ ላይ ናት

ባለፈው ወር አጎቴ በሚነዱት አሮጌ የጭነት መኪና ጋቢና ከሻሸመኔ ወደ ሀዋሳ መጣሁ። መኪናው ይከንፋል፤ የፍጥነት መለኪያው መርፌ ግን ዜሮ ላይ ተኝታለች። «ጋሼ፣ ይሄ አይሠራም እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁና «የሃያ ዓመት ሹፌር ነኝ እኮ! ጆሮዬ ይነግረኛል» አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ጆሮ ይዋሻል። ጆሮ ቢበቃ ኖሮ ጀርመናዊው ኦቶ ሹልዘ በ1902 እ.ኤ.አ. ይህን መሣሪያ ባላስመዘገበ ነበር። ረጅም መንገድ ሲከንፍ የቆየ ሹፌር ከተማ ሲገባ ቀስ ያለ ይመስለዋል፤ ገና እየበረረ ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አብሮ ስለቆመ ዘይት የሚቀየረው በግምት ነው። ሁለቱ አብረው ከቆሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተበጠሰው ከካምቢዮ ወደ ዳሽቦርድ የሚሄደው ኬብል ነው፤ መለኪያውን በሙሉ መቀየር ላያስፈልግ ይችላል።

እኛስ፣ ጋዜጠኝነት የምንማረው? አደጋ በደረሰ ቁጥር «ምክንያቱ ከመጠን ያለፈ ፍጥነት ነው» ብለን እንጽፋለን። መለኪያው ይሠራ እንደነበር ግን አንጠይቅም። ሹፌሩ ይወቀስ፤ መርፌዋ በቆመች መኪና ሥራ የሚያሠራው ባለንብረትስ? በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ዜናችን ውስጥ መግባት አለበት።

ኬብሉ እስኪቀየር ድረስ እኔ በአውቶቡስ ነው የምመላለሰው። አጎቴ ተቀይመውኛል። ይቀየሙኝ፤ ብቻ በሰላም ይግቡልኝ።