ልጁ ሰነፍ ነው ከማለታችን በፊት

ባለፈው ሳምንት አጥርቶ ያነብ የነበረ ልጅ ዛሬ ፊደሉ ደበዘዘብኝ ቢል፥ ወይም ሲሮጥ የነበረው ዛሬ እግሩን ቢጎትት፥ ብዙዎቻችን ስንፍና ነው ብለን እንቈጣዋለን። ነገር ግን እንዲህ ያለው ድንገተኛ ለውጥ የነርቭ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፥ ዛሬ ስለዚሁ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልናስረዳ ፈቀድን።

በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ መልእክት የሚያመላልሱት የነርቭ ክሮች፥ የኤሌክትሪክ ሽቦ በላስቲክ እንደሚሸፈን፥ ሚየሊን በሚባል ስብ ያለበት ልባስ የተሸፈኑ ናቸው። የሰውነት መከላከያ ኃይል፥ የገዛ ጌታውን እንደሚመታ ዘበኛ ተሳስቶ ይህን ልባስ ሲያጠቃ፥ መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። በዚህም ምክንያት ዓይን ይደበዝዛል፤ እጅና እግር ይደነዝዛል፤ ሽንትን መቈጣጠር ያስቸግራል። ይህ ደዌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም።

ዓይነቱም ከአንድ በላይ ነው። አንደኛው ብዙ ጊዜ እንደ ጉንፋን ካለ ሕመም በኋላ በሕፃናት ላይ በድንገት የሚነሣ ሲሆን፥ ራስ ምታትና መፍዘዝ ያስከትላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ተመልሶ አይመጣም። ሁለተኛው መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው ነው፤ ትርጓሜውም ብዙ የደነደነ ጠባሳ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ በፓሪስ ምልክቱን ዘርዝሮ ያስረዳው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1868 ነበር። ይህኛው በልጆች ላይ ሻል እያለ የሚመለስ ነው። ከመቶ ሕሙማን ከ3 እስከ 10 የሚሆኑትን የሚጀምራቸው 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው።

ሁለቱን ለመለየት የሐኪም ምርመራ፥ የኤም አር አይ ምስልና የጊዜ ክትትል ያስፈልጋል። ለድንገተኛው ጥቃት ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የተባለውን መድኃኒት ከ3 እስከ 5 ቀን በደም ሥር ይሰጣሉ። ለሚመለሰውም ደዌ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2018 ፊንጎሊሞድ የተባለውን መድኃኒት 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ልጆች ፈቅዷል። ይህ መድኃኒት ደዌውን ፈጽሞ ባያጠፋም፥ ጥቃቱ ቶሎ ቶሎ እንዳይመለስ ያደርጋል።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ሕፃን ግን ሕመሙን የማይናገረው ሊደብቅ ሽቶ ሳይሆን ስሙን ስለማያውቀው ነው። ስለዚህ ወላጅም መምህርም አለንጋ ከማንሣቱ በፊት ልጁን ይጠይቀው፤ ምልክቱንም ካየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይውሰደው።