ለእግራችንም እሑድ ይኑረው

ከሰኞ እስከ ዓርብ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሰነበተ ወጣት፣ እሑድ ሲደርስ በቡና ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ መዋሉን ዕረፍት ብሎ ሲጠራው እንሰማለን። ወንበር መለወጥ ዕረፍት ከሆነ እንግዲህ ምን እንላለን! ተማሪውም ቢሆን ከደብተሩ ቀና ሲል ዓይኑ የሚያርፈው በእጅ ስልኩ ላይ ነው።

ይህን የምንለው በወዳጆቻችን ለመሳለቅ አይደለም፤ እኛም ከነዚሁ ወገን ነበርንና። በእግር መሄድ የድኻ ነው የሚል አሳብ በልባችን ተቀምጦ ኖሮ፣ የምናውቀው ሰው በመኪና ሲያልፍ ቢያየን «ምን አገኛቸው?» እንዳይለን እንሠጋ ነበር። አባቶቻችን ለገበያም፣ ለሙግትም፣ ለንግሥም በእግራቸው ሲጓዙ ማንም አላፈረባቸውም። እግርን ያዋረድነው እኛ ነን፤ ያዋረድነውም ጥቂት ፊደል ከቆጠርን በኋላ መሆኑ ይገርማል።

ለአዲስ አበባ ልጅ ተራራው ከደጁ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፣ የእንጦጦ ራስ ወደ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አየሩ ስለሚሳሳ የጀማሪ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራልና እያዘገሙ መውጣት ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆመው ባሕር ዛፍ፣ ስሙ እንደሚናገረው ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ሲሆን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማገዶ ላጠራት ከተማ የተተከለ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባት እንጦጦ ማርያምም ከዚያው ናት።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከሸንተረሩ ጫፍ የሚታየው ነው። በሰሜን በኩል የወረደው ዝናብ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ገብቶ እስከ ሜዲቴራንያን ባሕር ይጓዛል፤ በደቡብ በኩል የወረደው ደግሞ አዋሽን ተከትሎ፣ ባሕር ሳያይ፣ በአፋር በረሃ ይቀራል። ይህን በተማሪነታችን ለፈተና ሸምድደን፣ ከፈተናው ማግሥት ረስተነው ነበር። ከስፍራው ቆመን ሁለቱን ቁልቁለቶች ስናይ ግን፣ አስተማሪያችን ስለምን አንድ ቀን ወደዚህ አላወጣንም ብለን ተቆጨን።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ ለሁሉ ተመችቷል። ይሁን እንጂ ብዙዎች በመኪና ወጥተው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ ማኪያቶ ጠጥተው ይመለሳሉ። እነዚህን ወጡ ለማለት አንደፍርም፤ የወጣው መኪናው ነው።

አንድ እሑድ በቀጭኑ መንገድ ስንወጣ፣ የእንጨት ሸክም ያጎበጣቸው እናት ቁልቁል ሲመጡ አገኘናቸው። ቆም ብለው «ልጆቼ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አሉን። ለመንሸራሸር መሆኑን ስንነግራቸው ሳቁና፣ «እንግዲያስ ለእኔም ተንሸራሸሩልኝ» ብለው አለፉ። መልስ አጣን። እኛ ለጤናችን የምንወጣውን ዳገት እኒያ እናት ለዕለት ጉርሳቸው ሲመላለሱበት ኖረዋል፤ ሁለቱን ዓይነት መንገደኛ ምን እንደሚያገናኘው እስከ ዛሬ እንከራከርበታለን። ቢያንስ ግን ሸክም ያለበት ሰው ሲመጣ ከመንገዱ ወጥቶ ማሳለፍን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልማድ አድርገነዋል።

መሄድ የሚያስብ ወዳጃችን ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ይነሣ። ያልተንሸራተተ ጫማ፣ ውኃና አንድ እፍኝ ቆሎ ይበቃዋል፤ ባዶውን ጠርሙስ ይዞ ይመለስ። በክረምት ከቀትር በኋላ መብረቁ አይታመንምና ከምሳ ሰዓት በፊት ቢወርድ ይሻላል።