ከአስፋልቱ ወረድ ሲሉ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታን የሚያውቃት በመገንጠያነቷ ነው። የደብረ ታቦርና የወልዲያው መንገድ እዚያ ይለያል፤ ሻይ ይጠጣል፣ ጉዞ ይቀጠላል። በስተምዕራብ በኩል ጣና መኖሩን ከመኪና መስኮት ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

እኛ ጥቂት መምህራን ከነቤተሰቦቻችን በየካቲት ዕረፍት በዚያ ስናልፍ ዙህርን በሐይቁ ዳር ለመስገድ ተስማምተን ወደ ሜዳው ወረድን። በክረምት ቢሆን ባልሞከርነው ነበር። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ፎገራ ባሕር ይሆናል፤ በ1998 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሺህ ሰው አፈናቅሏል። ሜዳው የሩዝ አገር ነው። ሩዝ በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ካስተዋወቁት ወዲህ እንጀራው ሳይቀር ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ይጋገርበታል። በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም ግን ግጦሿን ለሩዝ እየለቀቀች ነው።

ከዳርቻው ጥቂት ጎጆዎች ካሉበት መንደር ደረስን። ለውዱእ ጠራ ያለ ውኃ ለማግኘት ብዙ መሄድ ግድ ሆነብን፤ ዳር ዳሩን እንቦጭ ሸፍኖታል። አበባው ለዓይን ያምራል። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ፣ «ትናንት ነቅለን መንገድ ከፍተን ነበር፤ ሌሊት ነፋሱ አምጥቶ ዘጋው» አሉን። ይህ አረም በጣና ላይ መስፋፋቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» ብለው ውኃ ውስጥ ገብተው ነቅለውታል።

ልጆቻችንን የማረካቸው ግን ከዳር የተጎተተ የደንገል ታንኳ ነበር። ማን እንደሚሠራው ጠየቁን። በጣና ዙሪያ በዚህ ሙያ የታወቁት ነገደ ወይጦዎች ናቸው፤ ሙስሊሞችም ናቸው። አባቶቻቸው ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲጸየፋቸው ኖሯል። ከማዕዳቸው የማይቀርብ፣ ልጁን የማይድርላቸው ሰላት አክባሪ ሙስሊም አለ። ይህን ለሕፃን ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል! ከሴት ልጆቻችን አንዷ፣ «አብረው ይሰግዳሉ?» አለች። «አዎን» አልናት። «ታዲያ ምሳስ?»

መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም። በዲናችን ሰው በአባቱ ማዕድ አይመዘንም፤ ልማዱ ከየት እንደመጣ ዑለሞቻችን በግልጽ ቢናገሩበት እንወዳለን። ጊዜውም አይጠብቅም። ረግረጉ እየታረሰ ደንገሉ እየተመናመነ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው በደንገል የሚኖረው ቤተሰብ ነው።

በመልሱ ጉዞ ባሕር ዳር ስንደርስ ልጆቹ በሐይቁ ዳር ከሚሸጡት ትንንሽ የደንገል ታንኳዎች አንዳንድ ገዙ። ሻጩ ቡና ጠጥታችሁ ሂዱ አለን። ተቀምጠን ጠጣን።