ሙያው ቆቦ፣ አምፑ አዲስ አበባ

ለመሆኑ 28 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው ምን ፍለጋ ነው? ሐኪም ፍለጋ እንዳትሉኝ። ሐኪሙማ እዚያው ቆቦ አለ፤ የጠፋው መድኃኒቱ ነው።

የማወራችሁ ስለ አጎቴ የጊታር አምፕሊፋየር ነው። ሮላንድ ጃዝ ኮረስ 120 ይባላል። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ1975 ጃፓን ውስጥ የወጣ፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለው፣ በትራንዚስተር የሚሠራ ነው። የጊታሩን ድምፅ በአንዱ ስፒከር እንዳለ፣ በሌላኛው ደግሞ በትንሹ እያወዛወዘ ስለሚያወጣው አንድ ሰው ሲጫወት ሁለት ይመስላል። አጎቴ በ1985 ዓ.ም. ያገለገለ ገዝተው ወደ ደቡብ ሮቢትና ጎብዬ፣ ወደ ሰሜን ዋጃና አላማጣ ድረስ በሰርግ ዞረውበታል። በኋላ ኪቦርድ መጣና ባንዱን ሁሉ በአንድ ሰው ተካው፤ ጓደኞቻቸው ዕቃቸውን ሸጡ፣ እሳቸው ግን እምቢ አሉ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ አምፑን በማዳበሪያ ጠቅልለው ከብት ቤት በማሽላ አገዳ ሥር ደበቁት። ቤት ውስጥ የነበረ ብዙ ነገር ሄዷል፤ እሱ ተረፈ።

ተረፈ እንጂ ጤነኛ አልሆነም። ጊታሩ ሳይነካ እንኳ "እምምም" ይላል፤ ድምፁ ከፍ ሲል ደግሞ ይታፈናል። የሰፈራችን ሬድዮ ሠሪ ገና ሲሰሙት "ካፓሲተሩ ደርቋል" አሉ። እኔም የአምፑን የወረዳ ንድፍ፣ ማለትም ሰርኪዩቱን፣ ከኢንተርኔት አውርጄ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። እንደ ዳዊት ደጋሚ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት! ከዚያ በቴስተር ለኩ፣ ነገሩ እንዳሉት ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ካፓሲተር (የድሮዎቹ ኮንዴንሰር ይሉታል) ውስጡ እርጥበት ያለው ፈሳሽ አለ። መብራቱ የሚያመጣውን መወዛወዝ አጣርቶ የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ሙቀት ያደርቀዋል፤ ባለሙያዎች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ይላሉ። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ሲቀመጥም ይጎዳል። እንግዲህ የራያን ቆላ ሐሩር የሚያውቅ ያስበው፤ ከዚያ ላይ መብራት ለወራት ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ ይጨምርበት። አምፑ የታመመው ሁላችንም የታመምንበትን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ታዲያ ለምን እዚያው አልተሠራም? ሠሪው ወልድያ አስጠየቁ፣ ደሴ አስጠየቁ። የተገኘው መጠኑ ትክክል ሆኖ ቮልቱ ያነሰ ነው። "ይሄን ካስገባሁ አንድ ቀን በሰርግ መሀል ይፈነዳል" ብለው መለሱት። ከአዲስ አበባ በስልክ አዝዘን እናስልክ ብንል ደግሞ የሚመጣው ኦሪጅናል ይሁን ፎርጅድ መለያ መሣሪያ የላቸውም። ስለዚህ አምፑ ራሱ መሄድ ነበረበት። ልብ በሉ፤ የሄደው ቆቦ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ አይደለም። የአንድ ሰው ሙሉ ሙያ በጣት በምትያዝ ዕቃና በአንድ መለኪያ ምክንያት ሲታሰር አየሁ፤ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

"አዲስ አይገዙም?" የሚሉኝ የክፍል ጓደኞች አሉ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ የሙዚቃ መሣሪያ የሚገዛው በዚያ ዋጋ ነው። ደግሞስ አዲሱ ሲበላሽ የት ሊሄድ? የብዙዎቹ ቦርድ እንደ ጤፍ ፍሬ በደቀቁ ክፍሎች የተሞላ ነው፣ ንድፋቸውም አይገኝም። ሌላው ዓለም ይሄን እንደ መብት ጉዳይ ይዞታል፤ የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ2012 በመኪና ጥገና ላይ በሕዝብ ድምፅ ሕግ አጽድቃለች፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 የመጠገን መብት መመሪያ አውጥቷል። እኛ አገር ጠግኖ መጠቀም ድሮም ነበረ፤ ሕግ ሳይሆን ችግር ያስተማረን። ግን የሚጠግኑትን ሰዎች ማን ይደግፋል? የሙያ ማሠልጠኛዎች ለነዚህ ሰዎች መለኪያቸውን በሳምንት አንድ ቀን ቢከፍቱላቸው፣ ነጋዴዎችም ተሰባስበው የታወቀ መለዋወጫ ወልድያ ላይ ቢያስቀምጡ ከባድ አይመስለኝም። እኛም ጋዜጠኛ ልንሆን የምንማር ልጆች ዘፋኝ ሲመጣ ማይክ ይዘን እንሯሯጣለን፤ የዘፋኙን ዕቃ ማን እንደሚሠራው ጠይቀን አናውቅም። የቆቦው ሰው በእጃቸው የሣሉት የሰርኪዩት ደብተር አላቸው። ከሳቸው ሌላ ያነበበው ያለ አይመስለኝም።

አጎቴ ከመላካቸው በፊት የሁለቱን ስፒከር ጀርባ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረጉ፤ እንዳይቀየርባቸው። የጃፓን አገር ዕቃ ስለሆነና 220 ላይ ከተሰካ ስለሚቃጠል በቀይ እስክሪብቶ "100 ቮልት!" ብለው ሦስት ቦታ ለጠፉበት። ከጣሪያ ላይ አይጫንም ብለው ለአምፑ ሙሉ ወንበር ከፈሉለት፤ ረዳቱ "ተሳፋሪው ስማቸው ማነው?" ብሎ ቀለደ አሉ። አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ የድሮው ጠጋኝ ፒያሳ የለም፤ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ተነስቷል። የአጎቴ ልጅ ሁለት ቀን ጠይቆ አዲሱን ቦታ አገኘው።

ይሄን ስጽፍ አምፑ አልተመለሰም። አጎቴ በየማታው ይደውላሉ። የቆቦው ሠሪ ግን የላኩት አንድ አደራ ብቻ ነው፦ የሚወጡት አሮጌ ካፓሲተሮች እንዳይጣሉ፣ ይምጡልኝ፣ ከፍቼ ላያቸው እፈልጋለሁ ብለዋል።