ታሪፉ የት ነው? ለትራንስፖርት ኃላፊው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የትራንስፖርት ኃላፊ፣
ላሊበላ

የአውሮፕላን ማረፊያው ሚኒባሶች እንግዳን ያለ ታሪፍ የማስከፈላቸውን ጉዳይ ያውቁታል፤ በቃልም በማመልከቻም ደርሶዎታል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ አንዱ ሚኒባስ ልግባ።

ባለፈው ሳምንት ከአውሮፕላን ማረፊያው አራት መንገደኛ ጭኖ ተነሣ። ሁለቱ በእንግዳ ማረፊያዬ የሚያርፉ ፈረንጆች ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት። ረዳቱ በር ላይ የነገራቸው ዋጋ ለሁለቱም በአንድ ላይ ነበር። ናኩቶ ለአብ መታጠፊያ ላይ መኪናው ቆመና «በሰው ነው» ተባሉ፤ ያውም እያንዳንዳቸው የሙሉ ኮንትራት ሒሳብ። ሻንጣቸውም ለብቻው ተቆጠረ፤ ፖርቶመጋላው ባዶውን እየሄደ! እዚያው መኪና ውስጥ የነበረችው ጎረቤቴ የከፈለችው የወንበር ዋጋ ብቻ ነው፤ ይጠይቋት፣ አትደብቅም። ባልየው ታርጋውን በስልካቸው አንሥተዋል፤ ቀኑም ሰዓቱም አብሮ አለ። ደረሰኝ ቢሉት ረዳቱ ሳቀ። በማግስቱ ለአብያተ ክርስቲያናቱ መግቢያ ሲከፍሉ ግን ደረሰኛቸው ወዲያው ተቆረጠላቸው። በአንድ ከተማ!

ፎቶውን ይዤ ቢሮዎ ብመጣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። ስብሰባው ይባረክ። ታርጋው ግን ዛሬም ይሠራል።

የከተማዬ ሰዎች፣ እናንተ ፍረዱ። ሾፌሮቻችን መቸገራቸው አይጠፋኝም፤ ኮሮና፣ ከዚያም ጦርነት እንግዳውን ሲያርቀው ባጃጁም ሚኒባሱም ሥራ ፈቶ ከርሟል። ታዲያ ያንን ሁሉ አልፎ የመጣውን እንግዳ መግፈፍ ነው መፍትሔው? ጨዋው ሾፌር እኮ አብሮ ይታማል። እንግዳ የምታሳርፉ ሁሉ፣ ዋጋው በሰው ይሁን በመኪና፣ ሻንጣ ይጨምር አይጨምር፣ ሻንጣው ሳይጫን አስቆርጡላቸው፤ ታሪፉ እስኪለጠፍ ሌላ ጠባቂ የለንም።

ክቡርነትዎ፣ የተወሰደው ገንዘብ ይመለስ። ታሪፉ አውሮፕላን ማረፊያው መውጫ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይለጠፍ፤ ረዳቱም ደረሰኝ ይቁረጥ። የታሪፍን ነገር ካነሣን አይቀር፣ በገና ሰሞን ከጋሸና እስከዚህ ላለው 60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በየሰዓቱ የሚጨምረውን ታሪፍ የሚከፍለው ፈረንጅ አይደለም፤ ነጠላውን ያጣፋ ምእመን ነው። መናኸሪያው ከደላላ ይጽዳ፤ ተራ አስከባሪውም በስሙና በቁጥሩ ይታወቅ። ማታ የሚደርሱ እናቶች የሚወርዱበት ቦታም መብራት ይግባለት። መልሱን ደግሞ ለእኔ በቢሮ አይንገሩኝ፤ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ በማኅተም ይለጥፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለላሊበላ ሕዝብ
ታርጋውን ለሚያውቅ ሁሉ