በማፍጠሪያው ማዕድ ላይ የአባት ቦታ

ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን አዲስ ዓለም መልኳ ይለወጣል። ከቅዳሜ ገበያ የሚመለሰው እግሩን ያፈጥናል፤ ሳምቡሳ የሚጠበስበት ቦታ ልጆች ሳህን ይዘው ይሰለፋሉ፤ ባለ ባጃጁ ተሳፋሪ እስኪሞላለት አይጠብቅም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ የመግሪብ አዛን ሲሰማ መንገዱ ጭር ይላል። በዚያች ሰዓት ውጭ የሚገኘው ሰው ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ መካከል ደግሞ እኛ አለንበት፤ የትናንሽ ልጆች አባቶች። ሱቃችንን ገና አልዘጋንም፤ ባንኮኒ ላይ በቴምርና በውሃ እናፈጥራለን፤ ወደ ቤትም «አንድ ደንበኛ ብቻ ሸኝቼ መጣሁ» ብለን ደውለናል።

ሰሞኑን ከተራዊህ በኋላ በመስጊዱ በር ቆመን ስንጫወት አንድ ጓደኛችን የደረሰበትን አወጋን። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። እስካሁን የሚጾመው እስከ ቀትር ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ግን ሙሉ ቀን ልጹም ብሎ ቆርጦ ተነሣ። ጠዋት አባቱ ከቤት ሲወጣ «አባ፣ ዛሬ የመጀመሪያዋን ቴምር አንተ ነህ የምትሰጠኝ» አለው። አባትም እሺ አለ። ማታ ግን ገበያው ደራ፤ የኢድ ልብስ ሊገዙ ከገጠር የመጡ ቤተሰቦች ሱቁን ሞሉት። ቤቱ ሲደርስ የዒሻ ሰዓት ተቃርቧል። ልጁ አዛን ሲል ውሃ ጠጥቷል፣ ሾርባም ቀምሷል፤ ቴምር ግን አልበላም። እናቱ ብትለምነው «አባ ነው የሚሰጠኝ» ብሎ አንዲት ፍሬ በሳህን ከድኖ አስቀመጠ። አባት ሲገባ ልጁ እንቅልፍ ወስዶታል። «ቴምሯን መብላትም መተውም አቃተኝ» አለን ጓደኛችን። ከመካከላችን የሳቀ አልነበረም፤ ሁላችንም የየቤታችንን ነገር አሰብን።

ይህን ስንጽፍ ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ተወቃሾቹ እኛው ነን። የምንለውም አንድ ነገር ነው። ልጆቻችን አድገው ረመዳንን ሲያስታውሱ የሾርባው ዓይነትና የኢድ ልብሱ ቀለም ይጠፋቸው ይሆናል፤ አዛን ሲል አጠገባቸው ማን እንደነበረ ግን አይጠፋቸውም። ስለዚህ በዚያች ሰዓት አባት ቤቱ ይገኝ።

«ድሮስ አባት ከቤቱ ይርቅ አልነበረም ወይ?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይርቅ ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመነ መንግሥት፣ የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኖ ነበር። በርስት መሬት ላይ መብት ስላልነበራቸውም አያት ቅድመ አያቶቻችን ኑሯቸውን የመሠረቱት በንግድና በእጅ ሥራ፣ በተለይም በሽመና ነው። ሲራራ ነጋዴው አህያና በቅሎውን ጭኖ እስከ ምፅዋ፣ እስከ መተማ ሲወርድ ወራት ይፈጅበታል። ሆኖም ሲሄድ ተመርቆ፣ ተሸኝቶ ነው፤ ሲመለስም ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ይቀበለዋል። ልጁ አባቱ ሩቅ አገር መሆኑን ያውቃል፤ ናፍቆቱም ምክንያት አለው። ሸማኔው ደግሞ ከነጭራሹ ከቤቱ አይርቅም። ልጆቹ ከጎኑ ተቀምጠው ማግ እያጠነጠኑ፣ ሲያጠፉ እየተቆጣቸው፣ ሲደክሙ እየቀለደላቸው ያድጋሉ። አዛን ሲል መወርወሪያው ይቀመጣል፤ ከማዕዱ ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ይበቃዋል።

የእኛ መራቅ ከሁለቱም አይመሳሰልም። ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ሆነን እንርቃለን። ገብተን ከተቀመጥን በኋላም በአንድ እጃችን ሾርባ፣ በሌላው ስልክ ይዘን እንደገና እንጠፋለን። ለልጅ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ የማይሰማው አባት ከሲራራ ነጋዴው የበለጠ ግራ ያጋባዋል፤ የሄደውን ይጠብቀዋል፣ ያልሄደውን ግን እንዴት ብሎ ይጠብቀው?

የ2016 ዓ.ም.ን ረመዳን ብዙዎቻችን አንረሳውም። በክልላችን በ2015 ክረምት ከተባባሰው ግጭት ጋር ተያይዞ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ሲመሽ መንቀሳቀስም ስለሚያሰጋ ሱቁ በጊዜ ይዘጋል፤ ሰው በጊዜ ይገባል። እኛም ሳንወድ በግድ ቤታችን ተገኘን። ልጆቻችን ቁርኣን ሲቀሩ አጠገባቸው ተቀመጥን፤ የትኛው ፊደል ምላሳቸውን እንደሚይዘው ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛዋ ልጅ ሾርባውን ካላቀዘቀዘችው እንደማትጠጣ፣ ትልቁ ልጅ የአያቱን ተረት በቃሉ እንደያዘ ያን ጊዜ አየን።

ያን ጊዜ እያመሰገንን አይደለም። ሕይወት የጠፋበት፣ ነጋዴ የከሰረበት፣ ተማሪ ከትምህርት ገበታው የራቀበት ጊዜ ነው፤ ሰላሙም ዛሬ ድረስ ዱዓ የምናደርግለት ጉዳይ ነው። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥም በሪያድና በጂዳ በሰው ቤት ሠርተው የሚያድሩ እህቶቻችንን ፊት በኢሞ ማየት ቀርቶብን ነበር፤ ለእናቶቻችን ያ ረመዳን ረጅም ነበር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ትቶልን አልፏል። በግድ የቻልነውን በውዴታችን ለምን አቃተን?

መልሱ ገበያ ነው እንላለን። ይህም ውሸት አይደለም። ለልብስና ለጫማ ነጋዴ የረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ከዓመቱ ሁሉ የተሻሉ ናቸው። የሱቅ ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ያለፈው ዓመት ዕዳ እነዚህን ቀናት ይጠብቃሉ። ሱቁን ዝጉና ቤታችሁ ተቀመጡ የሚል ምክር የሚሰጥ ሰው ቀለብ የሚሰፍርልን አይደለም። እኛም እንዲህ አንልም። የምንለው ስለ አንድ ሰዓት ነው፤ ከአዛን በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ከአዛን በኋላ ግማሽ ሰዓት። በዚያች ሰዓት ሙስሊሙ ደንበኛችን ራሱ ቤቱ ነው ወይም ወደ ቤቱ እየሮጠ ነው። ሌላው ደንበኛ ቢመጣ ደግሞ ጎረቤት አለ። በገበያችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ነጋዴ ጎን ለጎን ነው የሚሠራው። የገና ዋዜማ ወይም የፋሲካ ቅዳሜ እሱ ወደ ቤተሰቡ ሲሮጥ እኛ ሱቁን እናይለታለን፤ በማፍጠሪያ ሰዓት የእኛን እንዲያይልን ብንጠይቀው እምቢ የሚል አይመስለንም። ያልጠየቅነው እኛ ነን።

ሰዓቱ የራሱ ያልሆነ አባትም አለ። ጥበቃው፣ ሹፌሩ፣ በፈረቃ የሚሠራው የጤና ባለሙያ አዛን ሲል ቤቱ ልገኝ ቢል አይችልም። ለእሱ ሱሁር አለለት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ልጁን ቀስቅሶ፣ ብርድ ልብስ ደርቦለት፣ አንድ ሳህን አብሮ የበላ አባት ልጁ የማይረሳውን ነገር ሰጥቶታል። በደባርቅና በዳባት ብርድ ያደጉ ሰዎች ስለ ረመዳን ሲያወሩ ቀድመው የሚያነሡት ሌሊት ምድጃ ዙሪያ ተሰብስበው የበሉትን ሱሁር መሆኑን ደጋግመን ሰምተናል።

ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መግባት ሌላም ጥቅም አለው። እኛ አዛን ሲል ደርሰን የምናገኘው ማዕድ በራሱ አልተሰናዳም። እሷም ጾማ ነው የዋለችው። ሳምቡሳውን ጠቅልላ፣ ሾርባውን ጥዳ፣ ሕፃኑን አዝላ፣ የመጨረሻዋን ደቂቃ ቆማ ነው የምታፈጥረው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይጠግኑ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፈውልናል። ይህን በኹጥባ ሰምተን ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ከዚያ ቤት ገብተን «ውሃ አምጡ» እንላለን። ወንዱ ልጃችን ይህንን እያየ ነው። ውሃውን የምንቀዳው፣ ምንጣፉን የምናነጥፈው፣ ሕፃኑን የምንይዘው እኛ ብንሆን ሚስታችን ተቀምጣ ታፈጥራለች፤ ልጁም ነገ የራሱን ቤት ሲይዝ የሚያደርገውን ዛሬ ይማራል።

ለልጆች ጾምን የማስለመዱ ነገርም የአባትን መገኘት ይፈልጋል። ሶሓቦች በዓሹራ ቀን ልጆቻቸውን ያስጾሙ እንደነበር፣ በረሃብ ሲያለቅሱባቸውም ከሱፍ የተሠራ መጫወቻ እየሰጡ እስከ ማፍጠሪያ ያቆዩአቸው እንደነበር በሐዲስ ተላልፎልናል። ልጁን ከረሃቡ የሚያዘናጋው መጫወቻው ብቻ ሳይሆን አብሮት የተቀመጠው ሰው ጭምር ነው። ዛሬ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ያለችውን ከባድ ሰዓት ልጆቻችን የሚያሳልፉት ስልክ ተሰጥቷቸው ነው። ስልኩ ያደነዝዛቸዋል እንጂ አያጫውታቸውም። በዚያች ሰዓት ለጎረቤት ሳምቡሳ አብረን ብናደርስ፣ ቴምር ብንቆጥር፣ ወደ መስጊድ እጃቸውን ይዘን ብንሄድ ጊዜው ሳይታወቃቸው ያልፋል። መስጊድ ውስጥ ቢረብሹስ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሱጁድ ላይ ሳሉ የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ቢወጣ እስኪበቃው ድረስ ሱጁዱን አስረዝመውለታል። እኛ በተራዊህ ሰዓት ልጅ ሲሮጥ ዓይናችንን የምናፈጠው ከማን ተምረን ነው?

ስልክን ስናነሣ ግን ፍትሐዊ እንሁን። ስልክ ዝምድና መቀጠያም ነው። ጥፋቱ አያያዛችን ላይ ነው። ከማፍጠሪያ እስከ መግሪብ ሶላት ማብቂያ ስልኩ ከማዕዱ ርቆ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አውጥተን ሁላችን ተሰብስበን እንደውል፤ ባሕር ማዶ ላለችው እህት በኢሞ፣ ወገራ ላሉት አያት በተራ ስልክ። ልጆቹም ተራ በተራ ያናግሯቸው። አክስቷን በስም ብቻ የምታውቅ ልጅ ዝምድናውን ነገ ከየት አምጥታ ትቀጥለዋለች? አክስቷም ብትሆን ከሰው ቤት ሥራ በኋላ የምትናፍቀው የምትልከው ገንዘብ መድረሱን መስማት ብቻ አይደለም፤ የልጆቹን ድምፅም ነው።

ከማዕዳችን አልፎ የጎረቤት ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም የገቡት በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ነበር። ዘንድሮም ሁለቱ ጾሞች ተገናኝተዋል። ጾመኛ ጎረቤታችን ሥጋና ቅቤ አይቀምስም፤ በዘይት የተጠበሰ የምስር ሳምቡሳ ግን ለሁለታችንም ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሳህኑን የምንልከው በልጅ ነው። ዘንድሮ አባትና ልጅ አብረው ቢያደርሱትስ? ይህን የምንለው በምክንያት ነው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም.፣ በረመዳን ማገባደጃ፣ በከተማችን በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በተነሣው ጥቃት ወገኖቻችንን አጥተናል። ያን ሰሞን ልጆቻችን የጠየቁን ጥያቄ ለመመለስ ከባድ ነበር። ለጥያቄው ግማሽ መልስ የሆነላቸው የእኛ ንግግር አልነበረም፤ በዚያው ሳምንት በራችንን አንኳኩቶ ገብቶ አብሮን የተቀመጠው ጎረቤት ነው። ልጅ ጎረቤቱን በመልክና በስም የሚያውቀው አባቱ ይዞት ደጃፍ ለደጃፍ ሲሄድ ነው። ያልተዋወቀ ሰው በክፉ ቀን አይጠያየቅም።

ጓደኛችን በማግስቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ ሄደ። ምን ያህል ሽያጭ እንዳመለጠው አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። አዛን ሲል ቴምር አንሥቶ ለልጁ ሰጠው። ልጁ ተቀበለና «የትናንቷስ?» አለው። የትናንቷን አውጥተው ለሁለት ከፍለው በሏት።

የቀሩን የረመዳን ምሽቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሱቁ ከኢድ በኋላም እዚያው አለ። ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ግን ለሚቀጥለው ረመዳን ስምንት ይሆነዋል፤ የመጀመሪያዋን ቴምርም ከአባቱ ላይጠብቅ ይችላል። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ዛሬ ማታ በጊዜ እንግባ።